ከራስሽ አትመልሺ

የምነግራችሁን ሰምታችሁ "ፈጠራ ነው" ብትሉ አልቀየማችሁም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው እንደዚያው ነበር የምለው።

ግን ሆኗል። የሆነውም በእኔ ላይ ነው።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጨለማም አልነበረም። ቀትር ላይ ነው... ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ።

የከተማው አስተዳደር ውስጥ ጀማሪ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። ሕዝቡ ከመንግሥት ማወቅ የሚፈልገውን ይጠይቃል። እኔ ጥያቄውን እቀበላለሁ፣ ጉዳዩ የሚመለከተውን ክፍል እጠይቃለሁ፣ መልሱን ለጠያቂው እሰጣለሁ። መንገዱ ለምን ተቆፈረ፣ ውሃው ለምን ጠፋ፣ ያ ባዶ መሬት ለምን ታጠረ... መጻፍ ለማይችል ሰው እኔ እጽፍለታለሁ፤ የጻፍኩትንም መልሼ አነብለታለሁ።

"ምን ያደርግልሃል?" ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ሰው ለማወቅ ምክንያት መስጠት የለበትም።

ሥራውን ያስተማሩኝ አብረውኝ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "ጋሽ ጠይቂ" ይላቸዋል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ገና የመጀመሪያው ቀን ነው።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ። "መልሱን ብታውቂው እንኳን ከራስሽ አትመልሺ። የሚመለከተውን ጠይቂ፤ ከዚያ መልሺ።"

"የማውቀውንም ጋሼ?"

"በተለይ የምታውቂውን! 'ይቺንማ አውቃታለሁ' ያለ ሠራተኛ ነው ሁልጊዜ ጉድ የሚሆነው። ጠይቂ!"

ሳቅኩኝ። ያን ቀን ሳቅኩኝ።

ክፍላችን ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ጠባብ ናት። ከኮሪደሩ የሚለየን አንድ መስኮት አለ፤ መስታወቱ ጭጋግ የመሰለ ነው። ጠያቂው ፊቱ ሳይታይ፣ ሳይፈራ እንዲጠይቅ ታስቦ ነው አሉ። እኔ የማየው ጥላውን ብቻ ነው። የምንነጋገረው መስኮቱ ላይ በተገጠመች ትንሽ የድምፅ ሳጥን ነው። ከውጭ ያለው ሰው ቁልፏን ሲጫን እኔ ጋ "ጠቅ" ትላለች፤ ከዚያ ድምፁ ይገባል።

ሳጥኗ ርካሽ ናት። አሮጊቱም ኮረዳውም በእሷ ሲያልፉ ቆርቆሮ ውስጥ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። እናቴ ብትናገርባት አልለያትም።

ይህን ያልኩት አውቄ አይደለም። እንዲያው ከአፌ ወጣ።

በምሳ ሰዓት ጀማሪዋ ትቀመጣለች። ጀማሪዋ እኔ ነኝ። "መስኮቱ በምሳ ሰዓትም አይዘጋም" የሚል ማስታወቂያ ከበላይ ወርዷል፤ ዘበኛው ደግሞ ምሳውን ሊበላ ሲሄድ የግቢውን በር ቆልፎ ነው የሚሄደው። መስኮቱ ክፍት፣ በሩ ዝግ። አንድ ቀን ይህን ብነግረው፦

"እኔን በር ነው ያስያዙኝ፤ መስኮትሽ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ?" አለኝ።

ስለዚህ በምሳ ሰዓት ማንም አይመጣም። ጭር ይላል። እኔ ከቤት ያመጣሁትን እበላለሁ፤ ከዚያ መስታወቱን አያለሁ።

ቤትም ስገባ ያው ነው።

ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በባለጎማ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈችው። የግራ ጎማው ይጮህ ነበር... ሲጥ... ሲጥ... የምግብ ዘይት ጠብ አደርግለትና ለጥቂት ቀን ዝም ይላል። እሷ ግን ብዙም አልወደደችውም።

"ተይው እስቲ" ትለኝ ነበር። "በየት በኩል እንዳለሁ እንድታውቂ ነው የሚጮኸው።"

እናቴ ሞተች። ወንበሩን ለጤና ጣቢያ ሰጠነው። ታላቅ እህቴ "እኔ ጋ ነይ፣ ብቻሽን አትሁኚ" ብላ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። ቤቱን ጥዬ መሄድ እናቴን ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ። ተነጋገርን፣ ተጋጋልን፣ የማይባል ተባባልን።

ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። እኔም የእጅ ስልኬን ቁጥር ስቀይር አልነገርኳትም። የቤቱን ስልክ ታውቀዋለች፤ ከፈለገች ትደውላለች፣ አልኩ። አልደወለችም። ማታ ማታ ስልኩን አየዋለሁ... አይጠራም።

ብቸኝነት እንዲህ ነው እንግዲህ፣ አልኩ። ሰው በአንድ ቀን አይተውሽም፤ ቀስ እያለ ነው የሚተውሽ።

የሰፈሬም መንገድ ጨለመ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ ላይ አንድ መብራት ነበረች፣ እሷም ጠፋች። የእኔ ቤት የመንገዷ መጨረሻ ላይ ነው። በእጅ ስልኬ እያበራሁ እገባለሁ።

አንዳንድ ቀን ስገባ የእጅ መታጠቢያው ሳሙና እርጥብ ይሆናል።

ቤቱ እርጥበት ይዞ ይሆናል፣ አልኩ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቀና ስል መስታወቱ ላይ ጥላ አለ።

ዝቅ ያለ ጥላ ነው። ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ብዙም ከፍ አይልም። አጭር ሴት ናት አልኩ። ኮቴ አልሰማሁም።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ" አለ የቆርቆሮው ድምፅ። "ምሳሽን በላሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን እማማ። በልቻለሁ። ምን ልርዳዎት?"

"መጻፍ አልችልም።"

"እኔ እጽፍልዎታለሁ። ይንገሩኝ።"

"ከዳቦ ቤቱ ጀርባ... መንገዱ ላይ ያለችው መብራት... ለምን ጠፋች?"

ፈገግ አልኩ። "የእኔ ሰፈር ናት እኮ! ጎረቤት ነን ማለት ነው?"

"አንብቢልኝ" አለች። አነበብኩላት። "እንደዚያ ነው ያልኩት" አለች። ቀና ስል ጥላዋ የለም።

እስክሪብቶዬን ከድኜ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

ሳጥኗ "ጠቅ" አላለችም።

ከሰዓት በኋላ መብራት ክፍል ደወልኩ። የዚያ ክፍል ልጅ ሳቂታ ናት፤ ፈልጋ ለማግኘት አልዘገየችም።

"እሷማ አልተበላሸችም" አለችኝ። "በነዋሪ ጥያቄ ነው የጠፋችው።"

"የምን ነዋሪ?"

"ደውሎ አመለከተ። መብራቷ እንቅልፍ ነሳችኝ አለ። እኔው ነኝ የተቀበልኩት፣ ጨዋ ሰው ነው፤ 'ይቅርታ፣ አደከምኩሽ' ብሎ ነው የጀመረው። እንደሱ ያለ ሰው መቼ ይደውላል፣ ሁሉም ተሳድቦ ነው የሚጀምረው!"

"ከየት ነኝ አለ?"

"ከመንገዱ መጨረሻ ካለው ቤት።"

አልገባኝም። ተሳስታ ነው አልኩ። ያ ሰው የሌላ መንገድ መጨረሻ ነው የሚኖረው።

በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ ጥላዋ መጣች። ዝቅ ብላ።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ። ምሳሽን በላሽ?"

መልሱን ነገርኳት። ደውሎ ያስጠፋው ነዋሪ ነው፤ ከመጨረሻው ቤት ነኝ ብሏል።

ሳጥኗ ውስጥ እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር ይሰማኛል።

"ሌላ ጥያቄ አለኝ" አለች።

"እሺ እማማ።"

"በመጨረሻው ቤት... ስንት ሰው ነው የሚኖረው?"

እጄ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ምን ያደርግልዎታል ልላት ነበር፤ ክልክል ነው። ደግሞም... ማንም ጠይቆኝ የማያውቀው ነገር ነው። ስንት ናችሁ ቤት ውስጥ? ማን አለሽ? ብሎ የጠየቀኝ የለም።

"አንድ" አልኳት። "አንድ ሰው ብቻ ነው።"

"ማንን ጠይቀሽ ነው?"

"አውቀዋለሁ። ቤቱ የ—"

"ማንን ጠይቀሽ ነው?"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

"ከራስሽ አትመልሺ ልጄ" አለችኝ፤ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። "ጠይቂ።"

ተነሥቼ በሩን ከፍቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ማንም የለም።

ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ሰው ቢሮጥ እንኳን በዚያች ቅጽበት ጫፉ አይደርስም። የሚቀመጡበት ነገርም የለም፤ ወለሉ ባዶ ነው። ወደ ግቢው ወጣሁ። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ከውጭ አፉን እየጠረገ መጣ።

"አሁን የወጣች ሴትዮ አይተሃል?"

"በየት ትውጣ? ቁልፉ እኔ ኪስ ነው።" ፊቴን አይቶ ሳቁን ተወው። "ምን ሆንሽ አንቺ? ፀሐይ መታሽ?"

ለጋሽ ጠይቂ ስለ ጥያቄው ብቻ ነገርኳቸው። ስለ ጥላዋ አልነገርኳቸውም። ጀማሪ ነኛ፤ እብድ ናት ቢሉኝስ?

"በመጨረሻው ቤት ስንት ሰው እንዳለ ማንን ነው የምጠይቀው ጋሼ? ቤቱ እኮ የእኔ ነው።"

"የእኔ ነው ብለሽ ነው ያልጠየቅሽው?" ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "በየቤቱ የሚዞር ማን ነው? ቆጣሪ አንባቢው ነው። እሱን ጠይቂዋ!"

ቆጣሪ አንባቢውን ውሃ ክፍል በር ላይ አገኘሁት። ሲራመድ የሚያፏጭ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰውዬ ነው። ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ የእኛን ቤት ቆጣሪ የሚያነበው እሱ ነው። ቆጣሪው ወጥ ቤታችን ውስጥ ነው፤ ሰው ከሌለ ማንበብ አይቻልም።

ይህን ሳስብ ነው አንድ ነገር የገባኝ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ሰው የለም።

"ወንድም ጋሼ... የእኛን ቤት ቆጣሪ እንዴት ነው የምታነበው?"

"እንዴት ማለት? ያነቡልኛላ።"

"ማን?"

"ሰውዬው ናቸዋ።" ሳቀ። "በር አይከፍቱም እንጂ ጨዋ ናቸው። ሳንኳኳ ከውስጥ 'ይቅርታ፣ አደከምኩህ' ይሉኛል፤ ገብተው ያዩና በበሩ ቀዳዳ ቁጥሩን ይነግሩኛል። ያመማቸው ይመስለኛል፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። አጎትሽ ናቸው?"

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

"ምነው? ሞቱ እንዴ?"

"ከመቼ... ከመቼ ጀምሮ?"

"እናትሽ ካረፉ ወዲህ ነዋ። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅቷ ብቻዋን አልቀረችም አልኩ።"

ወደ ክፍሌ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። የጋሽ ጠይቂን ስልክ አንስቼ የእህቴን ቁጥር መታሁ። ኩራቴ የት እንደገባ አላውቅም።

"ሄሎ?"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ማልቀስ ጀመረች።

"በመጨረሻ!" አለችኝ። "እኔ ምን አድርጌሽ ነው? አንድ ጊዜ እንኳን ራስሽ ብታነሺው ምን አለበት?"

"ምኑን?"

"ስልኩን ነዋ! በየቅዳሜው ጠዋት ስደውል የሚያነሳው እሱ ነው!"

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ።

"እሱ ማን?" አልኩ በሹክሹክታ።

"እኔ ምን አውቃለሁ ማን እንደሆነ! ሰው ይዛለች አልኩ። 'ይቅርታ፣ አደከምኩሽ፤ ተኝታለች' ይለኛል። መጀመሪያ ተኝታለች፣ ቀጥሎ ወጥታለች። በኋላማ 'ከእንግዲህ አትደውዪ፣ አትምጪ ብላሻለች' አለኝ። ልመጣ አውቶብስ ፌርማታ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አስከፋሽኝ እኮ..."

ብቸኝነት መስሎኝ ነበር።

ሰው ቀስ እያለ የተወኝ መስሎኝ ነበር። ማንም አልተወኝም ነበር... አንድ ሰው ከቤቴ ውስጥ ሆኖ፣ በጨዋ ድምፅ፣ መብራቴንም እህቴንም አንድ በአንድ ሲያጠፋ ነው የከረመው።

"ስሚኝ" አልኳት። "እኔ ማንም የለኝም። ቤት ውስጥ ማንም የለም።"

"ወደ ቤት እንዳትሄጂ" አለችኝ። "ካለሽበት አትነቃነቂ። መጣሁ።"

ያን ቀን ከእህቴ ጋር ሄድኩ። የእህቴ ባል ከፖሊስ ጋር ሆኖ ቤቱን ሊያይ ሄደ። ማታ ሲመለስ ብዙ አላወራም።

"ማንም የለም" አለ። ጫማውን እያወለቀ ቆየ። "በሩ ግን ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። በመስኮት ነው የገባነው። መስኮቱንም ሰብረን።"

"ሳሙናውስ?" አልኩት።

"የምን ሳሙና?"

"የእጅ መታጠቢያው ሳሙና።"

አየኝ። "ምን አሳሰበሽ... እርጥብ ነበር።"

አሁን እህቴ ጋ ነኝ። ልጆቿ ይጮሃሉ፣ ይደባደባሉ፣ ብርድ ልብሴን ይገፍፉኛል። እህቴ ጠዋት ጠዋት "ምሳሽን ይዘሻል?" ትለኛለች። ደስ ይላል። እንዲህ ያለ ጫጫታ ይናፍቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጋሽ ጠይቂም ሁሉንም ነግሬያቸው አልሳቁም። ለጥቂት ቀን ምሳቸውን ክፍላችን ውስጥ ከእኔ ጋር በሉ። ያቺ ዝቅ ያለች ጥላ አልመጣችም። እውነቱን ልንገራችሁ... ጠበቅኳት። መልስ አለኝ፣ ጠይቂ ያለችኝን ጠይቄላታለሁ፣ ልነግራት ፈለግኩ። አንድ ነገርም ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ከመስኮቱ ጠርዝ ብዙም ከፍ የማይል፣ የተቀመጠ ሰው የሚያህል ጥላ፣ ወንበር በሌለበት ኮሪደር...

አልመጣችም።

ትናንት ጋሽ ጠይቂ ለሐኪም ቀጠሮ ሄዱ። "ብቻሽን ትሆኛለሽ?" አሉኝ። "ምንም አልሆንም፤ ቀን እኮ ነው" አልኳቸው።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ዘበኛው የግቢውን በር ሲቆልፍ ሰማሁት። ምሳዬን ፈታሁ።

"ጠቅ።"

ቀና አልኩ።

መስታወቱ ላይ ጥላ አለ። ዝቅ ያለው አይደለም። ረጅም ነው... ጭንቅላቱ ከመስኮቱ በላይ አልፎ አይታይም። ትከሻው መስታወቱን ሞልቶታል።

"ይቅርታ" አለ ዝግ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ። "አደከምኩሽ።"

ጉርሻዬ ከእጄ ወደቀ።

"ጥያቄ ነበረኝ። ምክንያቱን መናገር የለብኝም አይደል?"

ዓይኔ በሩ ላይ ነው። የክፍላችን በር ቁልፍ የለውም፤ የዕቃ ክፍል ሳለች ጀምሮ በውጭ መቀርቀሪያ ነው የሚዘጋው። በውጭ፣ እሱ ባለበት በኩል።

ጥላው ወደ በሩ በኩል ዘንበል አለ።

"እዚያ ውስጥ..." አለ። "ብቻሽን ነሽ?"

"አ—" አልኩ። አዎ ልለው ነበር። አውቀዋለሁና። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ከኋላዬ ግድግዳና የጋሽ ጠይቂ ባዶ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ብቻዬን ነኝ። ከእናቴ ቀብር ጀምሮ የማውቀው እርግጠኛ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

በተለይ የምታውቂውን፣ ብለውኛል።

አፌን ዘጋሁ። ዓይኔን ከረጅሙ ጥላ ሳልነቅል፣ ወደ ኋላዬ ሳልዞር፣ ሹክ አልኩ፦

"ብቻዬን ነኝ?"

ዝም።

የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ...

ከዚያ ከኋላዬ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ወደ ወንበሬ እየቀረበ...

ሲጥ... ሲጥ... ሲጥ...

የበሩ እጀታ ቆመ።